ስለ ሁለቱ አዳራሾች ማይክሮፎንና ስለ ሶደሬው ሥልጠና

ናዝሬት፣ ጥር 23 ቀን 1976 ዓ.ም.
በቀበሌያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በሂስ ዓምድ ሥር የሚለጠፍ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ገመዳ ወዬሳ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር

ጤናዎ እንደ ምኞቴ ከሆነ ደስታዬ ወሰን የለውም። እርግጥ መጠየቅም አያስፈልገኝም፤ ካኪዎን የምሰፋልዎ እኔ ልብስ ሰፊው አምባዬ ነኝና፣ ወገብዎ ካምና ወዲህ በአራት ጣት መስፋቱን ሜትሬ ነግሮኛል። እኔ ከዚህ በታች ከማስረዳው በቀር ደኅና ነኝ። ባለቤቴ የሺዓለም፣ የቀበሌው ታይፒስት፣ እንዴት እንደሰነበተች ግን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

በቅድሚያ ምስጋናዬ ይድረስዎ። የስብሰባ አዳራሹ ሕዝቡን አልበቃ ብሎ ሰው በመስኮት ሲንጠለጠል አይተው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን አሮጌ የበቆሎ መጋዘን ሁለተኛ አዳራሽ አድርገው፣ ሁለቱን በሽቦ አገናኝተው፣ በሁለቱም ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ በማስቀመጥዎ፣ እኛ የመጋዘኑ ሰዎች እርስዎን ሳናይ ለመስማት በቅተናል። አለማየቱና መስማቱ የትኛው እንደሚበልጥ አልናገርም። በዕቃው ላይ ሰው ሲመድቡም የሺዓለምን በላይኛው አዳራሽ ከጎንዎ፣ እኔን በመጋዘኑ ከአይጦቹ ጎን አስቀምጠዋል። ባልና ሚስትን በአንድ ሽቦ ማገናኘትዎን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ።

አንደኛው ቅሬታዬ ትምህርቱን ይመለከታል። ቁልፉን ሲጫኑ መናገር፣ ሲለቁ መስማት መሆኑ ለእኔ በቁሜ በአምስት ደቂቃ ሲነገረኝ፣ ለየሺዓለም ግን እርስዎ ራስዎ ወንበር ስበው አሥር ቀን ከሥራ ሰዓት በኋላ አስተምረዋታል። ቁልፉ ግን ያው ነው። እኔ በደንብ አለመማሬን አልክድም፤ በመጀመሪያው ስብሰባ ቁልፉን ሳልጫን ስለ ስኳር ሰልፍ የሕዝቡን ጥያቄ ሩብ ሰዓት ሙሉ አቅርቤ የሰማኝ የለም፤ በሁለተኛው ማይክሮፎኑን ድምፅ ማጉያው ፊት አስቀምጬው ሲያፏጭ ጎረቤታችን ሽማግሌው ኦቦ ሆራ አውሮፕላን መጣ ብለው አግዳሚ ወንበሩ ሥር ገብተዋል። ሽማግሌውን እስካሁን በየቀኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛው ያለፈው እሑድ የሆነው ነው። ስብሰባውን ዘግተው ሕዝቡን ካሰናበቱ በኋላ የላይኛው አዳራሽ ቁልፍ ሳይለቀቅ ቀረ። እኛ መቶ ያህል ሰዎች መፈክር ይከተላል ብለን ግራ እጃችንን አንስተን በቆምንበት፣ ከድምፅ ማጉያው የወጣው የየሺዓለም ሳቅ ነበር። ጓድ ሊቀ መንበር፣ ያንን ሳቅ ከሰርጋችን ሰሞን ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ጠፍቶ የቀረ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቀበሌ ነው የሚውለው። ቀናሁ፤ ሌላ የጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ቀጥሎ የእርስዎ ድምፅ መጣ፦ «የሺዬ፣ ዓርብ ሶደሬ የሦስት ቀን የማይክሮፎን ሥልጠና አዘጋጅቻለሁ፤ ሠልጣኞቹ አንቺና እኔ ነን። ትመጫለሽ አይደል?»

መቶው ሰው እጁን እንዳነሳ ወደ እኔ ዞረ። አጠገቤ የቆሙት ጎረቤታችን ወይዘሮ ሰሊማ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞህ ልጄ» አሉኝ፤ ከሁሉ ያመመኝ እሱ ነው።

መልሷን አልሰማሁም። ንዴት ቀድሞኝ ቁልፌን ተጭኜ ስሟን እየጠራሁ ጮህኩ። ቁልፉ ሲጫን የእኛ ድምፅ ማጉያ ዝም እንደሚል፣ የእናንተም ተጭኖ ስለነበር ጩኸቴ እንዳልደረሳችሁ የገባኝ ጣቴን ካነሳሁ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ በእናንተ በኩል ማይክሮፎኑ ተዘግቶ ነበር። ያልኳትን ሁሉ ቤት ስትገባ ደገምኩላት፤ እነሆ ሦስት ቀን ሙሉ እየነገርኳት ነው።

ሦስተኛው አጭር ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ለመማር ፍል ውሃ ውስጥ መግባት እንደሚያስፈልግ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ሥልጠናው የግድ ከሆነ ያልተማርኩት እኔ ነኝና፣ በእሷ ፈንታ እኔን ይዘውኝ እንዲሄዱ በትሕትና አመለክታለሁ። ዋና ባልችልም እርስዎ ከገቡበት ውሃ አልወጣም።

ካኪዎ ሳይጠብዎት ዕድሜዎ እንዲረዝም የሚመኝልዎ፣ የመጋዘኑ አዳራሽ ቁልፍ ተጫኝ፣
አምባዬ ፈይሳ

ማሳሰቢያ፦ የሺዓለምን ሶደሬ እወስድሻለሁ ብዬ ቃል የገባሁላት በሰርጋችን ማግስት፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። በስኳር ሰልፍ እንኳ ቀድሞ የቆመ ሰው ተራው ይከበርለታል።

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፣ ከታይፒስቷ፦ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ሁሉ በእኔ እጅ የሚያልፍ ስለሆነ፣ የባለቤቴን ደብዳቤ አንዲት ፊደል ሳልለውጥ በታይፕ መትቻለሁ። ጓድ ሊቀ መንበር፣ እሑድ የመለስኩልዎትን እርስዎ አይረሱትም፤ እሱ ቁልፉን ተጭኖ ሲጮህ ስላመለጠው ግን ልጻፍለት። «ሶደሬ የምሄደው ከባሌ ጋር ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄዋለሁ፣ አሁንም እጠብቀዋለሁ» ነበር ያልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ሲናገር፣ ይህን ሁሉ ገጽ ሲጽፍ፣ ምን ብለሽ መለስሽ ብሎ አንድ ጊዜ አልጠየቀኝም። ስለዚህ ዓርብ ከወይዘሮ ሰሊማ ጋር በአውቶቡስ ሶደሬ እሄዳለሁ። የሁለቱም አዳራሽ ማይክሮፎን መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ እስክመለስ ሁለታችሁ በአፍ ተነጋገሩ።