የዘጠኝ ሰዓቱ ብርጭቆ

ውድ ፍትዊ፣

ውድ ያልኩህ ደብዳቤ እንደዚያ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጠው። መደወል አስቤ ነበር። አንተ ግን ስልክ ላይ ትቀልዳለህ፣ እኔም ሳልወድ እስቃለሁ፣ ከዚያ የደወልኩበትን ነገር ሳልናገር ቻው ቻው እንባባላለን። በቴሌግራም ብልክልህ ደግሞ አውራ ጣት አድርገህ ታልፈኛለህ። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩት። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ካልተነጋገርን ሁለት ወር ሊሞላን ነው። እናቴ «ፍትዊ ምነው ጠፋ?» ባለችኝ ቁጥር «እዚሁ ሩዋንዳ ሰፈር አዲስ ጂም እየከፈቱ ነው፤ ፋታ አጥቶ ነው» እላታለሁ። ስምንት ዓመት አብሮህ ብረት ለገፋ ሰው እንዲህ ብትዋሽ ምን አለበት ትል ይሆናል። እስቲ ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ የምታውቀውንም ቢሆን አንድ ጊዜ ከእኔ ስማው።

ኅዳር ላይ እማዬ ከአያት ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ወድቃ የታፋ አጥንቷ ሲሰበር መጀመሪያ የደወልኩት ላንተ ነበር። የምታሠራውን ደንበኛ ቁጭ ብድግ ላይ ትተህ አትላስ ካለው ጂም በረህ መጣህ። አራት ፎቅ በወንበር ተሸክመን ያወረድናት እኔና አንተ ነን። ይህን አልክድም፤ መካድ ብችልማ ይቀለኝ ነበር።

አጥንቱ በብረት ታስሮ ያዘ፤ ጡንቻዋ ግን አለቀ። ሦስት ወር ተኝታ ስትነሳ ግራ ታፋዋ ከእኔ ክንድ ቀጥኖ ነበር። ሐኪሙ «አሁን የቀራት ስፖርት ነው። ከስፖርቱ በኋላ ደግሞ እንቁላሉንም ወተቱንም ሥጋውንም ትብላ፤ አለዚያ ትለፋለች እንጂ አትጠነክርም» ሲለን ሁዳዴ ሊገባ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። እማዬ ጥሩ አድርጋ አዳመጠችውና «ከፋሲካ በኋላ» አለችው።

ምክንያቱን አንተም ታውቀዋለህ። መቀሌ ስልክ ተቆርጦ በነበረበት ጊዜ የወንድሟን የሐጎስን ድምፅ ሳትሰማ ከዓመት በላይ ቆይታለች። በሕይወት ይኑር አይኑር የሚነግራት አልነበረም። ያኔ ለኪዳነ ምሕረት ተሳለች፤ ድምፁን ካሰማሽኝ እስክሞት ድረስ ሁዳዴን አንድ ቀን አልገድፍም ብላ። ሐጎስም ደወለ። ስለዚህ የንስሐ አባታችን ቄስ ገብረሰንበት ቤት ድረስ መጥተው «ለታመመ ሰው ይፈቀዳል፣ እኔ ፈቅጄልሻለሁ፣ ብይ» ሲሏት፣ «እርስዎ ፈቀዱልኝ አባቴ፤ ቃል የገባሁት ግን ለእርስዎ አይደለም» ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸውም ባርከዋት ሄዱ።

ያን ጊዜ ነው አንተ አረንጓዴ ክዳን ያለውን የፕላስቲክ እቃ ይዘህ ከች ያልከው። «አደይ ብርኽቲ፣ ማን ጾምዎን ይግደፉ አለዎት? ይሄ የአኩሪ አተር ፕሮቲን ነው። ጾም ነው!» አልካት። እማዬ እቃውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። እንግሊዝኛ ስለማታነብ ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔም አነበብኩላት። በእርግጥም አኩሪ አተር ይላል። ያኔ ሳቀች። ከወደቀች ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ ሰዓቱን አንተው አወጣህላት። ጡንቻ ስፖርት ሠርቶ ሲጨርስ ይራባል፣ ግማሽ ሰዓት ሳያልፍ ማብላት ያስፈልጋል አልክ። እማዬ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አትቀምስም። «እንግዲያው ስምንት ተኩል ላይ እንሠራለን፤ ጨርሰን ቁጭ ስንል ዘጠኝ ይሆናል» ብለህ ፈታኸው። ሐኪሙም ቄሱም ያላሰቡትን ነገር አንተ አሰብክላት። እኔ ሥራዬን ከቤት በኮምፒውተር ስለምሠራ ብርጭቆውን የማዘጋጀት ድርሻ የእኔ ሆነ። አንተ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣህ ከወንበር ታስነሳታለህ፣ ታስቀምጣታለህ፣ «ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ» እያልክ ትቆጥርላታለህ። እኔ ዱቄቱን ከሙዝና ከተፈጨ ለውዝ ጋር በውኃ እመታለሁ። ዘጠኝ ሲሞላ አማትባ ትጠጣዋለች። ከዚያው እቃ ለራሴም ቀድቼ እጠጣ ነበር። ለአንድም ቀን ያስከፈልከን ነገር የለም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ወገብ የሚያጎብጡ ነበሩ። ከወንበሩ አምስት ጊዜ ተነስታ ስድስተኛው ላይ ትንቀጠቀጣለች። አንተም ፊትህ ይጠቁር ነበር፤ አይቼሃለሁ። በሦስተኛው ሳምንት የመጀመሪያው እቃ አለቀና ሁለተኛውን አመጣህ፤ ያው አረንጓዴ ክዳን ነው፣ ያው ጽሑፍ ነው። ክዳኑ ላይ ግን ማሸጊያው አልነበረም። «ከጂም ነው የመጣው፣ ከፍተነው ነበር» አልክ፤ እኔም እሺ አልኩ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ያን ቀን ስመታው አረፋው በዛብኝ። ስቀምሰው ያ የባቄላ ባቄላ የሚል ጣዕም የለውም። ለስላሳ ነው፣ ወተት ወተት ይላል። ስምንት ዓመት ፕሮቲን የጠጣ ሰው ዌይ የሚሉት የወተት ፕሮቲን የቱ እንደሆነ፣ አኩሪ አተር የቱ እንደሆነ አፉ ያውቃል። ብርጭቆውን ይዤ ኩሽናው ውስጥ ቆምኩ። ሳሎን አንተ ትቆጥራለህ፤ ስምንት ደርሰሃል፣ ዘጠኝ አልክ። እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አስር ሞላች። ሁለታችሁም ስታጨበጭቡ ሰማሁ። እኔም ብርጭቆውን ይዤ ወጣሁና ሰጠኋት።

ለራሴ የሰጠሁትን ምክንያት ልትሰማ ትፈልጋለህ? ፋብሪካው ቀይሮት ይሆናል አልኩ። ፍትዊ አያደርገውም አልኩ። መለያውን አንብቤያለሁ አልኩ። ለመጠየቅ አንድ ስልክ ይበቃኝ ነበር፤ አልደወልኩም። ብጠይቅህ እውነቱን ትነግረኝ ነበር፤ የፈራሁትም እሱን ነው።

ጸሎተ ሐሙስ ቀን እማዬ ከዘራዋን ይዛ አራቱን ፎቅ በእግሯ ወረደች። ጎረቤት ሁሉ በየበሩ ቆሞ እልል አለላት። ያን ዕለት ቆረበች። ገባህ ወይ ፍትዊ? ሃምሳ ምናምን ቀን አንድም አልገደፍኩም ብላ፣ ንጹሕ ነኝ ብላ፣ አፏን ከፍታ ቆረበች። እኔ ከኋላዋ ጫማዋን ይዤ ቆሜ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ቆማ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ «ለፍትዊ አድርስልኝ» ብላ አሸክማ ላከችኝ። ሳልደውል መጣሁ። ከጂሙ ጀርባ ያለችው ክፍል ውስጥ ላም ከተሳለበት ትልቅ ከረጢት እየዘገንክ አረንጓዴ ክዳን ያለው እቃ ውስጥ ስትሞላ ደረስኩብህ። አልደነገጥክም፤ እሱ ነው ዛሬም የሚያንገበግበኝ።

«እማዬ የጠጣችው ይሄን ነው?» አልኩህ።

«ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ» አልክ። «አኩሪ አተሩ ከገበያ ጠፋ። ደግሞ ልንገርህ አይደል፣ በዚያ አትነሳም ነበር። ጡንቻ ጾም አያውቅም ሃይሌ። አሁን እየሄደች ነው አይደል?»

«ስለት አለባት እኮ። አንተ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልነገርኳት። ኃጢአቱ የእኔ ነው፣ እኔ እሸከመዋለሁ። እሷ ምን አደረገች?» ካልክ በኋላ ከረጢቱን አጥፈህ ዓይን ዓይኔን አየኸኝ። «አንተስ ሳታውቅ ቀርተህ ነው? በየቀኑ እየጠጣኸው?»

ዳቦውን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ማወቄን ስለደረስክበት ነው የወጣሁት፤ ተቆጥቼ የወጣሁ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። ቁጣው የመጣው ቀላል ባቡር ውስጥ፣ አያት ልደርስ ስል ነው። ንዴቴ ደግሞ ይኸው እስከ ዛሬ አልበረደም። ማን ሾመህ? ሐኪሙ ለምኗት እምቢ ያለችውን፣ ቄሱ ፈቅደውላት ያልተቀበለችውን፣ አንተ በላስቲክ ማንኪያ ወሰንክባት። እግሯን ያቆመው ዌዩ ይሁን ያ ሁሉ መነሳት መቀመጥ ይሁን እንኳ አታውቅም። በአኩሪ አተሩ ሌላ ሁለት ሳምንት ብቻ ብትቆይ ኖሮስ? ያንን አሁን ማን ይነግረናል?

ዝም ብዬ ልኖር ነበር። ሃምሳው ቀን ጾም የለም፤ እንቁላሏን ትበላለች፣ ትሄዳለች። ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ ስምህን ትጠራለች፤ ከሐጎስ ቀጥሎ ፍትዊ፣ ከፍትዊ ቀጥሎ እኔ። ይህንንም ቻልኩት። የሰኔ ጾም ሊገባ ሲል ግን «ወደይ፣ ልጄ፣ ያንን የፍትዊን ዱቄት አምጣልኝ፤ እግሬ እንዳይደክምብኝ» አለች።

ሌላ አኩሪ አተር ፈልጌ ገዝቼ መስጠት እችል ነበር። ማንም አያውቅም ነበር። ግን ተጎንብሳ ጉልበቷን በእጇ እያሸች ነበር የጠየቀችኝ፤ አልቻልኩም። ነገርኳት። ወተት ነበር አልኳት።

አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ስልኳን አንስታ ሐጎስ ጋ ደወለች። ሁለት ጊዜ ጠርቶ አልተነሳም። እነዚያን ደቂቃዎች አልረሳቸውም፤ ከንፈሯ ደርቆ ነጭ ሆኖ ነበር። በሦስተኛው አነሳ። «ደህና ነህ? ልጆቹስ? አይ፣ ምንም አልሆንኩም፣ ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» አለችውና ዘጋችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኳት።

«ፍትዊስ?»

ፍትዊ፣ እውነቱ አፌ ላይ ነበር። ግን ፊቷን አየሁት። በአንድ ከሰዓት ሁለት ልጅ ልታጣ አይገባትም ብዬ «አያውቅም፤ እሱም ተታሎ ነው» አልኳት። ላንተ ያደረግኩት የመጨረሻው ነገር ይሁን።

ቄስ ገብረሰንበት መጥተው «ሳታውቂ የሆነ ነገር ነው፤ ስለትሽ አልፈረሰም» ብለው ለምነዋታል። እምቢ ብላለች። ሐምሌ አምስት ሰው ሁሉ ሲፈታ እሷ አትፈታም፤ ሃምሳ አምስቱን ቀን እንደ አዲስ ልትጾም ነው። ከእኔ እጅ ውኃ እንኳ አትቀበልም። ምግቧን ራሷ ቆማ ትሠራለች። ያልተከፈተ የአኩሪ አተር ዱቄት ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬላት ነበር፤ ሳትነካው አንድ ሳምንት ሆነው። ስፖርቱንም ትታለች። ትናንት ከወንበሩ ስትነሳ አየኋት፤ ሁለት እጇን ተደግፋ ነው የተነሳችው። ግራ ታፋዋ መቅጠን ጀምሯል።

«ምን ላድርግልሽ?» ብላት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? «ፍትዊ ይምጣ። ከእሱ እጅ እጠጣለሁ።»

የጻፍኩልህ ለዚህ ነው። ይቅር ስላልኩህ አይደለም፤ አላልኩህም። ና፣ ስምንት ተኩል ላይ ና። በሩን ከፍቼልህ እወጣለሁ። እውነቱን ትነግራት እንደሆነ፣ ወይም በእኔ ውሸት ላይ ቁጭ ብለህ ትቆጥርላት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፤ በዚህ አልገባም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ የምታመጣው እቃ ማሸጊያው ያልተነካ ይሁን።

ሃይለኣብ
አያት፣ ሰኔ