«ዝቅተኛ አደጋ» ስለተባለው የአፈር ግድብ፣ ከግርጌው የተጻፈ

ይድረስ ለተከበሩ የግድቦች ደኅንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የቢሮዎን ምንጣፍ ድርቀት እየተመኘሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ አራተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ ውሃ በቀላሉ እንደማይደርስበት ባውቅም፣ መልካም ምኞት አይከፋምና ይቀበሉኝ።

እኔ ከግድቡ በታች ባለው ሰፈር የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የምኖር ሴት ነኝ። ግድቡ የግለሰብ ንብረት ነው፤ ባለቤቱ ለፍራፍሬ እርሻቸው ውሃ እንዲያጠራቅምላቸው ያሠሩት፣ ከፍታው አሥራ ሦስት ሜትር የሆነ የአፈር ክምር ነበር። እሳቸው «ግድብ አትበሉት፣ ኩሬ ነው» ማለት ስለሚያዘወትሩ ሰፈሩ «ባለኩሬው» ይላቸዋል። የግድቡ ዘበኛ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ያየውን ሁሉ ካልለካ እንቅልፍ አይወስደውምና ሰው ሁሉ «ሜትር» ብሎ ይጠራው ነበር። ባለፈው የዝናብ ወር የሆነውን እርስዎ ከሪፖርት አንብበውታል፤ እኔ ግን በቦታው ስለነበርኩ፣ ከሪፖርቱ የቀሩትን ጥቂት ነገሮች ከነምስጋናዬ ላቀርብልዎ ደፍሬያለሁ።

፩. ግድባችንን «ዝቅተኛ አደጋ» ብለው ስለመደቡልን እናመሰግናለን። ይህ ደረጃ የሚሰጠው ግድቡ ጠንካራ ነው ወይስ ደካማ ተብሎ ሳይሆን፣ ቢፈርስ ከበታቹ ማን ይጎዳል ተብሎ እንደሆነ ያስረዳኝ ወንድሜ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ባለሙያዎ ቅጹን ሲሞሉ ከበታች ያለው ባዶ ሜዳ ነበርና «ሰው አይኖርበትም» ብለው ጻፉ፤ ያን ጊዜ አልዋሹም። ከዚያ ወዲህ ግን አርባ ሦስት ቤት፣ አንድ የጡብ ማምረቻና አንድ መዋዕለ ሕፃናት ተሠርተዋል። የቤት ቁጥር የለጠፈልን ቢሮ ያውቀናል፤ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው በየወሩ አንድም ቤት ሳይስት ያንኳኳል። ያላወቀን የእርስዎ ቅጽ ብቻ ነው። «ዝቅተኛ» የተባለ ግድብ በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚጎበኝ፣ እኛም እስከሚቀጥለው ጉብኝት ድረስ እንዳልተወለድን ሆነን ቆየን።

፪. ባለኩሬው በግድቡ አናት ላይ ጥላ እንዲሆናቸው ዛፍ ተክለው ነበር፤ የዛፉ ሥር አፈሩን እየሰረሰረ ይገባል። ውሃው ሲሞላ ትርፉ በሚወጣበት ማስተንፈሻ ቦይ አፍ ላይም ዓሣቸው እንዳያመልጥ ወፍራም የሽቦ መረብ ወጥረው ነበር፤ ቅጠልና ጭራሮ ይደፍነዋል። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት በመንሽ ሲጠርግ ነው የኖረው። የዛሬ ስድስት ዓመት የመጡት መርማሪዎ ግን ከዛፉ ጥላ ሥር አረፍ ብለው፣ ቁልቁል ወደ ቤቶቻችን ሳያዩ፣ «የግድቡ አረንጓዴ ሽፋን የሚያስመሰግን ነው» ብለው ጽፈውልናል። ለቀና አስተያየታቸው እግዜር ይስጥልን።

፫. ከግድቡ ግርጌ ውሃ መመንጨት ከጀመረ ቆይቷል። ወንድሜ «ንጹሕ ውሃ ቢያልብ አያስፈራም፤ ድፍርስ ከሆነ ግን አፈሩን ከሆዱ ይዞ እየወጣ ነው ማለት ነው» ይል ነበር። በየሰኞው በጠርሙስ እየቀዳ፣ ቀኑን ጽፎ እየለጠፈ በመስኮቱ ላይ ይደረድር ጀመር። የመጀመሪያዎቹ እንደ መስተዋት ነበሩ፤ ሰባተኛው የሻይ መልክ ያዘ፤ ዘጠነኛው ጭቃ ነበር። በአናቱ ላይ የታየውን ስንጥቅ ደግሞ በእኔው የልብስ መለኪያ ለካውና አርባ ሁለት ክንድ ሆኖ አገኘው።

ሦስት ጊዜ አመለከተ። በሦስተኛው ጠርሙሶቹን በከረጢት ይዞ ወደ እርስዎ ሲመጣ፣ የበሩ ጥበቃ «ወንድም፣ ፈሳሽ ነገር ይዞ መግባት አይቻልም» አለው። ጠርሙሶቹን ከአጥሩ ሥር ትቶ ማመልከቻውን ብቻ ይዞ ገባ። ሲመለስ ግን ጠርሙሶቹን ጽዳት ሠራተኛዋ አጥባ፣ ደርድራ ጠበቀችው። የሴትዮዋ ትጋት ለሌሎችም የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች አርአያ ቢሆን እወዳለሁ።

እውነቱን ለመናገር እኔም አልተሻልኩም። ያን ለታ ከረጢቱን ተሸክሞ ቤት ሲገባ፣ «አንተ ደግሞ ውሃ ማየት አበዛህ፤ ሰው ይስቅብሃል» ብዬዋለሁ። ይህን ለእርስዎ የምጽፈው ጥፋቱን ልጋራዎ ብዬ እንጂ ላቀልልዎ አይደለም።

፬. ሦስት ቀን የዘነበ ጊዜ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ወንድሜ ከግርጌው የሚወጣው ውሃ የእጅ ውፍረት አክሎ አገኘው። መረቡም ተደፍኗል። ለባለኩሬው ደውሎ መረቡን ልቁረጠው ቢላቸው፣ «ዓሣዎቼን ልትበትንብኝ ነው? ነገ መጥቼ አየዋለሁ» አሉት። ወደ እርስዎም ደወለ። ስልኩን ያነሱት ሠራተኛ የግድቡን ደረጃ ጠየቁትና «ዝቅተኛ ከሆነ በጽሑፍ ነው የሚቀርበው» ብለው በትሕትና መለሱለት።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ማንንም አልጠየቀም። እየሮጠ ወርዶ በር ለበር ማንኳኳት ያዘ። እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ። «እህቴ፣ ስፌቱን ተይውና ሕፃናቱን አውጪ» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ስለዚህ አመንኩት። ከመምህሯ ጋር ሆነን ሠላሳ አንዱን ልጆች እጅ ለእጅ አያይዘን ወደ ኮረብታው አወጣናቸው። አንዷ ጫማዬን ረሳሁ ብላ ታለቅስ ነበር። ዞር ብዬ ሳይ ወንድሜ መቁረጫ ጉጠት ይዞ ወደ ግድቡ ይወጣል። ተመለስ አልኩት፤ «መረቡ ከተከፈተ ትንሽ ጊዜ ይሰጠናል» አለና ሄደ።

መረቡን ቆርጦታል። ውሃው በቦዩ ሲሽቀዳደም ከላይ ሆነን አይተናል። በዚያ በተገኘ ሩብ ሰዓት የጡብ ሠራተኞቹና አልጋ ላይ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ወጡ። ከዚያ የግድቡ መሐል እንደ እርጥብ ዳቦ ተቦድሶ ሄደ። አሥራ ሰባት ቤት ተወሰደ፤ መዋዕለ ሕፃናቱ ከነአጥሩ የለም። ወንድሜን በሦስተኛው ቀን ከጡብ ማምረቻው ምድጃ ሥር አገኘነው። ጉጠቱን አልለቀቀም ነበር።

፭. ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይባልብዎ ይመስላል፣ ሪፖርትዎ በፍጥነት ደረሰ። «ከግድቡ በታች ካሉ ነዋሪዎች መካከል የሰው ሕይወት ባለመጥፋቱ የተሰጠው ደረጃ ትክክል እንደነበር ተረጋግጧል» ይላል። ሟቹስ? «የግድቡ ሠራተኛ በመሆኑ ከነዋሪ አይቆጠርም።» እንግዲህ ወንድሜ ሁላችንንም አውጥቶ የእርስዎን ቅጽ እውነተኛ አድርጎልዎታል ማለት ነው። የማመስገኛ ወረቀት ቢያዘጋጁለት አይበዛበትም፤ ለሚስቱና ለሁለት ሴት ልጆቹ ማን እንደሚሰጥ ግን አላውቅም።

ባለኩሬው ግድቡን መልሰው ለመገንባት ማመልከታቸውን ሰምተናል። ባቀረቡት ቅጽ ላይ ከበታቹ የሚኖር ሰው ብዛት በሚለው ቦታ አሁንም ዜሮ ተሞልቷል። ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሁለት መቶ ስድስት ነዋሪዎችን ስምና ፊርማ አያይዣለሁ፤ መጻፍ የማይችሉት በጣታቸው ፈርመዋል። ፈቃዱ ላይ ከመፈረምዎ በፊት አንድ ጊዜ ወርደው በዓይንዎ እንዲያዩን በትሕትና እለምናለሁ። ካልመጡ እኛ እንመጣለን፤ ፈሳሽ ነገር አንይዝም።

የጊዜዎን ክቡርነት፣ የወንበርዎን ምቾትና የፊርማዎን ክብደት ዘወትር በማሰብ፣

ከሕግ አንጻር ማንም ከማይኖርበት ሰፈር፣
ታዛዥዎ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልልክ ስል ከጽሕፈት ቤትዎ ለወንድሜ የተጻፈ መልስ ደረሰ። «ባቀረቡት ጥቆማ መሠረት በቦታው ተገኝተን ባደረግነው ምልከታ፣ ከግድቡ ግርጌ ይወጣል የተባለው ድፍርስ ውሃ አለመኖሩን ስላረጋገጥን ጉዳዩን ዘግተናል» ይላል። ምልከታው ትክክል ነው፤ ውሃው የለም፣ ግድቡም የለም። ደብዳቤውን ፈርማ የተቀበለችው ሚስቱ ናት። ፖስተኛው «ተቀባዩ ራሱ ነበር መፈረም ያለበት» ሲላት፣ «እሱ የሚጽፈውን ጽፎ ጨርሷል» ብላ በሩን ዘጋችው።