የአጎቴ ኢሜሎች የት ገቡ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ መካነ ሰላም

ወረኢሉ ያሉት አጎቴ ሸህ ሰይድ ደውለው «ሦስት ኢሜል ጽፌልህ ዝም አልከኝ» አሉኝ። ከዳዊት ጋር የምንሠራው የኢሜል ፕሮግራም ሦስቱንም አላስፈላጊ ብሎ ጥሏቸዋል። ባለፈው ሳምንት አላስፈላጊ ኢሜል የሚለየውን ማጣሪያ የነካካው ዳዊት ነው። ስጠይቀው ሳቀ፤ ሳቁም አላማረኝም። ኮዱን እስከ አሥር ሰዓት መስመር በመስመር ፈተሽኩ። የእሱ ሥራ ንጹሕ ነው።

ከዚያ ማጣሪያው ከእኛ ምርጫ የተማረበትን መዝገብ ከፈትኩ። አጎቴ ጉዳያቸው ላይ የሚደርሱት ግማሽ ገጽ ዱዓ ካደረጉ በኋላ ነው። አንድ ቀን ሰልችቶኝ ከቀድሞ ኢሜሎቻቸው በአንዱ ላይ «አላስፈላጊ» የሚለውን የተጫንኩት እኔው ነኝ። እሱን ይዞ በዱዓ የሚጀምረውን ሁሉ መጣሉ ግን የማጣሪያው ስህተት ነው፤ አስተካከልኩት።

ለአጎቴ ደውዬ «ፕሮግራሙ ታሞ ነበር» አልኳቸው። «አላህ ያሽረው» ብለው ረጅም ዱዓ አደረጉለት። እስኪጨርሱ አሚን፣ አሚን ስል ዳዊት ትክ ብሎ ያየኛል።