ለሽመልስ የማይተላለፉ አሥራ አንድ ስሕተት ሳንቲሞች

እኔ መምህር ሔሩይ ደመላሽ፣ በመቀሌ ከተማ በቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ነዋሪ፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት፣ ዛሬ ሰኞ የካቲት 9 ቀን 2007 ዓ.ም. ሳንባዬ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን አጽፋለሁ። ልጄ ሽመልስ «አባቴ ጃጅቷል» እያለ በየቤቱ ስለሚያወራ፣ ምስክሮቹ አስቀድመው የፈለጉትን ሁሉ ጠይቀውኝ መልሻለሁ።

አንደኛ፤ መኖሪያ ቤቴን ልጆቼ ሽመልስና ዳግማዊት እኩል ይካፈሉት። የሟች እናታቸው የኣልጋነሽ ላብ አለበትና በቁጣዬ ከሽመልስ ድርሻ አላጎድልም።

ሁለተኛ፤ በማተሚያ ስሕተት የወጡት፣ ሰብሳቢዎችም በውድ የሚፈልጓቸው አሥራ አንዱ ሳንቲሞቼ የዳግማዊት ብቻ ናቸው። ምክንያቱም ይጻፍልኝ።

ጡረታ በወጣሁ ማግስት፣ ገበያ ላይ ከተመለሰልኝ መልስ ውስጥ አንበሳው ወደ ጠርዝ የሸሸ አሥር ሳንቲም አገኘሁ። በሳንቲም መሰብሰብ ጀማሪ ነበርሁና ዓመት ሙሉ አላመንሁትም። አንጥረኛው ጀላሉ ከደኅናው ጋር መዘነልኝ፤ እኩል ሆነ። ዳግማዊት በአጉሊ መነጽር አገላብጣ አይታ «አባ፣ የመዶሻም የሞረድም ምልክት የለውም» አለችኝ። ማተሚያው ሲስት የፊቱም የጀርባውም ምስል አብሮ ይሸሻል፤ ሰው በብረት ማሰሪያው በሞርሳ የጨመቀው ግን ምስሉ ከቦታው ሳይነቃነቅ ተደፍጥጦ ይቀራል። ይህን የተማርሁት ብዙ ሐሰተኛ ገዝቼ፣ ብዙ አፍሬ ነው።

ሽመልስ ይህን ሁሉ አጠገቤ ተቀምጦ ሰማ። ከዚያም በገዛ ሞርሳዬ ደኅና ሳንቲሞችን እየጨመቀ «መምህር ሔሩይ መርምሮ ያረጋገጠው» ብሎ ሸጠ። ባለፈው ጥቅምት አንድ እንግዳ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከሽመልስ የገዛውን ሳንቲም መዳፌ ላይ አኖረው።

«ይህ የሰው እጅ ሥራ ነው» አልሁት።

«እርስዎ አረጋግጠውታል ተብዬ አይደል እንዴ የገዛሁት?» አለኝ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ያስተማርሁ ሰው በገዛ ደጄ አንገቴን ደፋሁ።

ልጄን ጠርቼ ጠየቅሁት። «አባዬ፣ ያም ስሕተት፣ ይሄም ስሕተት፤ ማን ይለየዋል?» ብሎ ሳቀ። እንዳላጋልጠው ብሎ ነው ከዚያ ወዲህ ጃጅቷል የሚለኝ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሦስተኛ፤ ሞርሳው ለጎረቤቴ ለብረት ሠራተኛው ለሓፍቶም ይሁን። የእኔን ሞት አይጠብቅ፤ ዛሬውኑ ይውሰደው።

ዳግማዊት ልጄ፣ ያልመዘንሽውን እውነተኛ ነው አትበዪ። ከተጠራጠርሽ «አላውቅም» በዪ፤ እንዲህ ማለት ማንንም አዋርዶ አያውቅም።

ይህ ሲነበብ ቄስ ገብረዝጊ «መምህር፣ የልጅ ነውር በወረቀት አይቀመጥም፤ ይህቺ እንኳ ትሰረዝ» ብለው ለመኑኝ። ሽመልስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «የሸጥሃቸውን ሰብስበህ፣ ‹እኔ ነኝ የሠራኋቸው› ብለህ በእነዚህ ሰዎች ፊት ትናገራለህ?» አልሁት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወጣ።

እንግዲያው አንዲት ፊደል እንዳትሰረዝ። ከሞትሁ በኋላ «አባቴ በመጨረሻ ይቅር ብሎኛል» ቢላችሁ አትመኑት። ይቅር አላልሁትም።

ተናዛዥ፦ ሔሩይ ደመላሽ (ፊርማ)

ሲናዘዙ ሰምተን፣ ጽሑፉም በፊታቸው ተነብቦ የፈረምን ምስክሮች፦
ቄስ ገብረዝጊ ሐጎስ (ፊርማ)
አቶ ጀላሉ ኢብራሂም (ፊርማ)
ወይዘሮ አያልነሽ ካሣ (የጣት አሻራ)
ወይዘሪት ትምኒት ኣርኣያ (ፊርማ)