ያላጠፉልህ መብራት

ውድ ኢብራሂም፣ የሃዋ አባት፣

አላህ ቀብርህን ኑር ያድርግልህ። ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። አሁን በጋው ነው፤ አሶሳ ፀሐይዋን ማክረር ጀምራለች። በሩ አጠገብ የተከልከው ማንጎ ከአጥሩ በልጦ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አበባ ይዟል፤ የጎረቤት ልጆች ከአሁኑ እየዞሩ ያዩታል። ሃዋም እኔን በቁመት ልትደርሰኝ ነው። ስትናደድ ልክ እንዳንተ አንድ ቅንድቧን ብቻ ታነሳለች፤ ያኔ ቁጣዬ ሁሉ ይጠፋና ሳቄ ይመጣል። ሆሞሻ ያሉት እናትህም ደህና ናቸው። እሳቸው በኔ በርታኛ ይስቃሉ፣ እኔ በሳቸው አማርኛ እስቃለሁ፤ እንደ ድሮው እንግባባለን።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ቢሮህ ነው። ከሄድክ ወዲህ በዚያ በኩል አልፌ አላውቅም ነበር። ያንተ ሕንጻ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ጫፍ ላይ መሆኑ ለመሸሽ ተመቸኝ። ዕቃውን መቼ ታወጪያለሽ ሲሉኝ ነገ እያልኩ ቆየሁ፤ ሰዉም አላስጨነቀኝም። በዚህ ወር ግን ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ያውም ወድጄ ሳይሆን ሥራ አስገድዶኝ።

ምን ሥራ ብትለኝ፣ ልትስቅብኝ ነው። በግቢያችን ሕንጻዎች ኤሌክትሪክ የት የት እንደሚባክን ፈልገን እንድናስቆም ከተመደብነው መምህራን አንዷ እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ! ከክፍል ክፍል እየዞርክ መብራት ስታጠፋ «የመብራት ዘበኛ» ብዬ ስም ያወጣሁልህ ሴትዮ። ሻወር ውስጥ እያለሁ እንኳ አጥፍተህብኝ ታውቃለህ። በሠርጋችን ቀን አዳራሹ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ አምፖሉ ሁሉ በርቶ ስታይ ልታጠፋ ብድግ ስትል፣ ሚዜህ እጅህን ጎትቶ ያስቀመጠህን አልረሳሁትም። እናቴ ይህ ሙሽራ ሊያመልጥ ነው እንዴ ብላ ደንግጣ ነበር።

ለሥራው አንድ ካሜራ ሰጡን። የሚያነሳው መልክን ሳይሆን ሙቀትን ነው። የሞቀው ነገር በስክሪኑ ላይ ቀይና ቢጫ ሆኖ ይታያል፣ የቀዘቀዘው ሰማያዊ። ኢብራሂም፣ ይህን ሳታይ መሄድህ በጣም ይቆጨኛል። ፊዚክስ ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ ሙቀት ከዚህ ተነስቶ ወደዚያ ይሄዳል ስል ኖሬያለሁ፤ ሲሄድ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። መዳፌን ግድግዳ ላይ አሳርፌ ሳነሳው እጄ እዚያው ቀረ፤ ከነጣቶቹ፣ ቀይ ሆኖ። ከዚያ ቀስ እያለ ደበዘዘና ጠፋ። ሱብሐነላህ ብዬ ደግሜ ሞከርኩት፤ ደግሜም ቀረ። ሰው ተነስቶ የሄደበት ወንበር፣ ሰውየው ከሄደ በኋላም ትንሽ ጊዜ አቅፎት ይቆያል። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ ስመላለስ ምንም ሳላይ መኖሬ ገረመኝ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመኝ! የጠፋ የመሰለን ኮምፒውተር ጀርባው ሲግል አየሁ። ማንም በሌለበት የተማሪዎች ማደሪያ የውሃ ማሞቂያው ለራሱ ሲያሞቅ አየሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የሚቀዘቅዘው አየር በበሩ ሥር እንደ ውሃ እየፈሰሰ ወደ ውጭ ሲወጣ አየሁ። በር ሥር የሚደረግ ጨርቅና አንድ ማጥፊያ ስንቱን እንደሚያድን አንተ ጮኸህ የነገርከን ሁሉ እውነት ነበር፤ ይህን በጽሑፍ አምኜልሃለሁ፣ ደስ ይበልህ።

ተማሪዎቹ ለሴሚስተር እረፍት ሲወጡ ወደ ያንተ ሕንጻ ደረስን። ሁሉም ነገር ተዘግቷል፤ ቆጣሪው ግን ይሠራል። ከቀትር በኋላ ከውጭ ሆኜ ካሜራውን አነሳሁ። ወደ ምዕራብ የሚያየው ግድግዳ በሙሉ ቀልቷል፤ መሃሉ ላይ አንድ መስኮት ብቻ ሰማያዊ ነው። ካሜራው የተበላሸ መስሎኝ አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። መስኮቶቹን ከዳር ቆጠርኩ፤ ያንተ ነው። አብሮኝ የነበረው የቢሮ ጎረቤትህ ታደሰ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያይ ጀመር።

የነገረችኝ ወይዘሮ ብርቄ ናት፤ ያቺ ሕንጻውን የምታጸዳው የወምበራ ሰው፣ በጠዋት ሰላም ሳትልህ ሥራ የማትጀምረው። አንተ ያረፍክ ዕለት የቢሮህ መብራትና ማቀዝቀዣ እንደበራ ነበር፤ ታመህ በድንገት የወጣህ ጊዜ ማጥፋቱን ማን ያስታውሳል። እሷ ልታጠፋ ገብታ እጇ ማጥፊያው ላይ ሲደርስ አልሆነላትም። «የለቅሶ ቤት ይጨልማል እንዴ? የጋሼን ክፍል በምን ዓይኔ ላጨልም?» አለችኝ። ከታደሰና ከሕንጻው ኃላፊ ጋር ሐዘኑ እስኪወጣ ይቆይ ብለው ተስማሙ። ሐዘኑ ሲወጣ ደግሞ ታደሰ ለብርቄ ተወላት፣ ብርቄ ለኃላፊው ተወችለት፣ ኃላፊው ለእኔ። መብራት ሄዶ ሲመጣ አምፖሉም ማቀዝቀዣውም ራሳቸው ይነሳሉ። አምፖሉ ሲቃጠል ዕቃ ቤት ያለው ሰውዬ ለየትኛው ክፍል ነው ብሎ ሳይጠይቅ አዲስ ሰጣት፤ እሱም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ዕድሜህን ሙሉ መብራት ስታጠፋ ለኖርከው ለአንተ፣ መብራት አብርተው ጠበቁህ። በሕንጻው ውስጥ ትልቁ ብክነት ያንተ ክፍል ሆኖ ተገኘ! መቆጣት ነበረብኝ፤ የተመደብኩት ለዚያ ነው። እኔ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እነዚያን ሰዎች በየተራ አየኋቸው። ሰው ይህን ያህል ሊወደድ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ከዚያም አለቀስኩ፣ ብርቄም አለቀሰች።

ታደሰ ይህችን ክፍል ሪፖርቱ ላይ ባናነሳትስ አለኝ፤ ሌሎቹም ውሳኔውን ለእኔ ተዉት። ቀላል ይመስልሃል? አንድ ማጥፊያ ነው። ለእኔ ግን እሱን መጫን መሞትህን በገዛ እጄ ማረጋገጥ ሆነብኝ። እስካልነካሁት ድረስ አንድ ቦታ ላይ አሁንም ሥራ ላይ ነህ።

ካሜራውን ይዤ ሆሞሻ ሄድኩ። ውጭው በእኩለ ቀን ይነዳል፤ እናትህ የቀርከሃ ቤት ውስጥ ግን ግድግዳው ሁሉ ሰማያዊ ነበር። ያለ ማቀዝቀዣ፣ ያለ ምንም። በቀርከሃው ሽመና መሃል አየሩ ሲገባና ሲወጣ ቤቱ የሚተነፍስ ይመስላል። ስለዚህ ቤት ስታወራልኝ ሰው የተወለደበትን ቤት ሁሌም ያጋንናል እያልኩ እቀልድብህ ነበር። አጀብ ነው፣ አላጋነንክም። የቢሮህን ነገር ለእናትህ ነገርኳቸው። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው እንደ ልማዳቸው በዚያ አማርኛቸው እንደ ወንድ ልጅ አዘዙኝ፦ «ኢብራሂም መብራት በከንቱ ሲበራ አይወድም። አንተ ሚስቱ አይደለህም? ሂድ፣ አጥፋ።»

ሄድኩ። ብርቄ በሩን ከፍታልኝ ወደ ኋላ ቀረች። ክፍሉ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው፤ መነጽርህ የተውከው ቦታ አለ። ካሜራውን ወደ ወንበርህ አዞርኩ። ምን እንደጠበቅኩ አልነግርህም፤ አንተ ራስህ ታውቀዋለህ። ወንበሩም፣ ጠረጴዛውም፣ ግድግዳውም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነበሩ። ተቀመጥኩበት፤ እስኪበቃኝ ተቀመጥኩ። ስነሳ ወንበርህ ላይ የቀረው ቀይ የእኔ ሙቀት ነበር። ማቀዝቀዣውን አጠፋሁ። ያ የማይሰማ የመሰለኝ ድምፅ ሲቆም ክፍሉ ውስጥ ጸጥታው ገባ። ከዚያ ማጥፊያውን ተጫንኩና ቢስሚላህ ብዬ ወጣሁ።

ክፍልህ የተማሪዎች ማንበቢያ ይሆናል። ዘመዶችህ የሸመኑት የቀርከሃ መከለያ በመስኮቱ ላይ ከውጭ ይሰቀላል፤ ማቀዝቀዣው ሳያስፈልግ ይቀር እንደሆነ እናያለን። መነጽርህ ቤት መጥቷል፤ ሃዋ አጥልቃው እየተደናበረች አስቃኛለች።

ኢብራሂም፣ እነሱ አንተን ያስታወሱት መብራት አብርተው ነው። እኔ ግን ሚስትህ ነኝ፤ ጠባይህን አውቃለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ከየክፍሉ ስወጣ መብራቱን አጠፋለሁ፤ ባጠፋሁ ቁጥርም ስምህን እጠራለሁ። ትናንት ማታ ከሳሎን ስወጣ አጥፍቼ ኢብራሂም አልኩ፤ ሃዋ ከመኝታ ቤቷ ሰምታ የእሷንም አጠፋች።

ባለቤትህ ዘይነባ