ምላጭና ሌዘርን በዕጣ ያመዛዘኑት ሐኪም የሕይወት ታሪክ

ውድ አባታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። መቀስ መያዝን ከፊደል በፊት የተማሩት በአባታቸው ጠረጴዛ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ሲለቅሙ ነው። በ1967 ዓ.ም. በሐኪምነት ተመረቁ፤ በኋላም ቀዶ ሕክምናን አከሉበት። በ1969 ዓ.ም. ከፋርማሲ ባለሙያዋ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

ወንዶች ልጆችን ሲገርዙ ስለኖሩ ሰፈርተኛው «አባ ምላጭ» ይላቸው ነበር። በ1998 ዓ.ም. ሆስፒታሉ የሌዘር መሣሪያ ሲያስገባ፣ «ብርሃን ይቆርጣል ቢሉኝ መቀሴ ሳቀ» ብለው ቀለዱ እንጂ አልናቁትም። የትኛው እንደሚሻል በአፍ ከመከራከር በቁጥር ማየት ፈለጉ። ባለቤታቸው በግማሹ «ምላጭ»፣ በግማሹ «ሌዘር» ብለው ጽፈው መቶ ሃያ ፖስታ አሸጉ። ወላጆቹ ለተስማሙለት ልጅ ሁሉ አንድ ይከፈትለታል፤ የፈሰሰው ደም፣ ሕመሙና ቁስሉ የዳነበት ቀን በመዝገብ ይሰፍራል።

የሴት ልጃቸው ልጅ ተራ ሲደርስ እናት ሆዬ መቆሚያ መቀመጫ አጣች። የማደንዘዣው መርፌ፣ የመብራቱ መጥፋት፣ የመሣሪያው መጋል፣ ያልታያት ክፉ ነገር አልነበረም። «አባዬ፣ ለእሱ እንኳ አንተ ምረጥለት» ብላ ለመነቻቸው።

«የሰው ልጅ በዕጣ፣ የኔ በምርጫ? አይሆንም ልጄ» አሏት።

የስምምነት ወረቀቱን ፈረመች። ፖስታው ሲከፈት ሌዘር ወጣ፤ ሥራውም ደም ጠብ ሳይል አለቀ። እቤት ግን እናቱ «ደምቶ ይሆን?» እያለች ፋሻውን በየሰዓቱ ስትገልጥ በሦስተኛው ቀን ራሷ አደማችው። አባታችን መጥተው አሰሩለት፤ ሳይቆጡም፣ «የተሸፈነ ቁስል ሥራ ላይ ነው፤ አትክፈቺው» አሏት። በመዝገቡ ላይ ግን ሳያዳሉ፣ «ሌዘር፤ ደማ። ምክንያት፦ የእናት እጅ» ብለው ጻፉ።

ሁሉም ሲደመር ሌዘሩ ደም የሚቀንስና የሚፈጥን፣ የመዳኛው ቀን ግን ከምላጩ እምብዛም የማይለይ ሆኖ አገኙት። ሠላሳ ዓመት ባመኑት እጃቸው ላይ የመሰከረውን ውጤት በባልደረቦቻቸው ፊት ራሳቸው ቆመው አነበቡ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ አዋላቸው። ሴት ልጃቸው ይተነፍሱ እንደሆነ ለማየት ብርድ ልብሳቸውን ደጋግማ ስትገልጥ፣ «አሁንም አልተውሽም?» ብለው ፈገግ አሉ። መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በ75 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና ይህ የግርዛቱ ታሪክ እንዳይነበብበት አጥብቆ የለመነው፣ ዛሬ ሣጥናቸውን ከተሸከሙት አንዱ የሆነው የልጅ ልጃቸው አሉ።

አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይሸፍናት። ይህን የጻፈችው ሴት ልጃቸውም ክዳኑን «አንዴ ብቻ ክፈቱልኝ» አትልም። እጇ አላርፍ ብሏል፤ ቢሆንም አትከፍተውም።