ባለቤቴ ሞቷል ብዬ እንድምል ስለተጠየቅሁበት ቃለ መሐላ

ለፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀን፦ ሰኔ 9

ጉዳዩ፦ የማላውቀውን እንዳልምል፣ የማውቀውን ግን በአንደበቴ ምዬ እንድናገር ፈቃድ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። «ነበር» ብዬ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ይቅርታዎን።

1. ባለቤቴ ጭነት ይዞ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። መኪናው ወንዝ ዳር ቆሞ ተገኘ፤ እሱ ግን በሕይወትም በሞትም አልተገኘም።

2. የምንኖርበት የኪራይ ቤት በስሙ ስለሆነ፣ የቤቶች አስተዳደር የሞቱን ማስረጃ ካላመጣሁ ከልጄ ጋር እንድለቅ አዞኛል። በዚህም ምክንያት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ወደሚቀመጠው ጸሐፊ ሄድሁ። ባሏ ለሞተባት ሁሉ የሚያዘጋጀውን ቃለ መሐላ ስም ብቻ ቀይሮ ሰጠኝ። «ባለቤቴ መሞቱን አውቃለሁ» ይላል። እኔ አላውቅም ስለው፣ «እናቴ፣ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚፈርመው፤ ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?» አለኝ። ከግርጌው በሐሰት የማለ እንደሚታሰር ተጽፏል። እኔ አንብቤዋለሁ።

3. ግእዝ የተማሩትን አጎቴን ጠየቅሁ። መሐላ «መሐለ» ከሚለው የግእዝ ቃል የመጣ መሆኑን፣ እሱም ማለ ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። ቃለ መሐላ የተባለውም ሰው ምሎ የሚሰጠው የገዛ ቃሉ ስለሆነ ነው፤ ወረቀቱ ቃሉን ሊይዝ እንጂ ሊተካው አልመጣም አሉኝ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ልጽናና ሄጄ የባሰ ፈርቼ ተመለስሁ። ትናንት የደንበኛ ቀሚስ እጅጌውን ገልብጬ ሰፋሁ።

የምፈራው እስሩን ብቻ አይደለም። ልጄ ዛሬም በር ሲንኳኳ ከእኔ ቀድማ ትሮጣለች።

4. ስለዚህ በእርስዎ ፊት ቆሜ መውጣቱን፣ መኪናው መገኘቱን፣ አለመመለሱን ብቻ ምዬ እንድናገርና ያው ቃሌ እንዲጻፍልኝ፤ የመጥፋቱ ጉዳይ በፍርድ ቤት እስኪታይም ቤቱ እንዳይወሰድብን ለአስተዳደሩ እንዲጻፍልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ያልፈረምሁበትን ወረቀት አያይዣለሁ።

ሞቶ እንደሆነ ፈጣሪ ያውቃል። እኔ ሞቷል ብዬ ከማልሁ በኋላ ግን በሩ ቢንኳኳና ልጄ ብትሮጥ፣ ምን ብዬ ልመልሳት?

እየፈራሁም ቢሆን ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ልብስ ሰፊዋ፣ የሹፌሩ ሚስት